ጨዋታ የበዛባት ፎልስ

መኪና መፍታትና መግጠም ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። በየዓመቱ ፍሪሲዮን የሚባለው ትምህርት ላይ ስደርስ ጠመኔዬን አስቀምጬ ለተማሪዎቼ የአባቴን ታሪክ እነግራቸው ነበር። አባቴ አንዲት የብሎን ዳዶ ወደየት እንደምትዞር ባለማወቁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁ መኪናውን ጠግናለት ከተማው እንዴት እንደሳቀበት። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይስቃሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። ካምና ወዲህ ግን አፌን ዘግቻለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብቻ ከሥር ከመሠረቱ ነው የምነግራችሁ፣ አታቋርጡኝ።

ሰኔ 1981 ዓ.ም. ነው፣ መርሳ። ጦርነቱ ከኛ በላይ ሰሜን ነበር። ኡራል መኪኖች ወታደር ጭነው እየዘፈኑ ሽቅብ ወደ ወልድያ ያልፋሉ፤ ቁልቁል ሲመለሱ ሸራቸው ተሸፍኖ ነው፣ ዘፈንም የለ። እኛ ልጆች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠን ባለሸራው ይበልጣል፣ ያለ ሸራው ይበልጣል እያልን እንወራረድ ነበር። ሸራው ለምን እንደሚሸፈን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አባቴ አብዱልሐሊም ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ሠራተኛ የሸጠለት አንዲት ፎልስ ነበረችው፤ ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነች። ጣቃ ጣቃ ጨርቅ አጭቆባት ግራና ገበያ ይሄዳል፣ ውርጌሳ ይሄዳል። ፎልሷን ሲጠራት «እሷ» ነው የሚላት። «እሷን ላጥባት»፣ «እሷን ፀሐይ እንዳይመታት»። ችግሩ እናቴንም «እሷ» ነበር የሚላት። በአገራችን ወግ ባል የሚስቱን ስም በሰው ፊት አይጠራምና፣ እናቴን «ከድጃ» ሲል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት «እሷ» ነበሩ፤ የኔ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ሰኔ እናቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ከኔ በኋላ የጸነሰችው ልጅ ምጥ ላይ ሞቶባት እሷም ለትንሽ ነበር የተረፈችው። የክሊኒኳ ነርስ ሲስተር የሻረግ መጥታ ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷን አጨማደደችው። እኔ አልጋ ሥር ተደብቄያለሁ።

«ከድጃ፣ ልጁ በመቀመጫው ነው ያለው። እዚህ እወልዳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ» አለቻት። «ምጡ ቆንጠጥ ሲያደርግሽ ተነሥታችሁ ወልድያ ሆስፒታል ነው። አውቶቡስ ቀርቷል፤ መኪናችሁን አዘጋጁ።»

«መኪናችን አለች፣ አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ።

«መኪናዋ ባትኖር ምን ትሆኚ ነበር?» አለች ሲስተር የሻረግ። እኔ አልጋው ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ፎልሷ ካለች እናቴ አለች፤ ፎልሷ ከሌለች እናቴ የለችም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሙላቱ መጣ። ጋሼ ሙላቱ የጉባ ላፍቶ ሰው ነው፤ መርሳ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ስላችሁ አንድ የዛፍ ጥላና አንድ የመፍቻ ሳጥን ማለቴ ነው። እሱና አባቴ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር፣ ፎልሷ ጎን ቁጢጥ ብለው ይንሾካሾካሉ። እኔ ከፎልሷ ማዶ ተለጥፌያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲንሾካሾክ ዝም ብዬ ማለፍ ዛሬም አልችልበትም።

«ጨዋታዋን አብዛላት» አለ ጋሼ ሙላቱ።

«ምን ያህል?»

«እስኪበቃት ነዋ! ጨዋታዋ ከበዛ ማንም አይወስዳትም፣ እኔ ልሙት።»

«ቀኗ ሲደርስስ?»

«ቀኗ ሲደርስ ጠበቅ ታደርጋታለህ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ወልድያ ትገባላችሁ።»

ቀኗ የደረሰ ሌላ ማን አለ? እናቴ ናት። ወሳጁስ ማን ነው? ቁርኣን ቤት ተምሬዋለሁ፦ መለከል መውት ነው፣ ነፍስ የሚወስደው መልአክ። ለካ እሱ ሰው ሲጫወት ካገኘ ትቶ ይሄዳል! ይህን የመሰለ ምስጢር ሰምቼ ልቀመጥ? እየሮጥኩ ገባሁ።

እናቴ በጎኗ ጋደም ብላለች። ተረት ጀመርኩላት። ተረቱ ሲያልቅ እንቆቅልሽ ጠየቅኳት፤ መልሱንም እኔው መለስኩት። አስተማሪያችን ስታስነጥስ አሳየኋት። የጎረቤታችንን ፍየል አረማመድ ተራምጄ አሳየኋት። ከዚያ ደግሞ ጨፈርኩ።

«ኧረ በአላህ! ይህችን ልጅ ምን ነካት?» አለች እናቴ። «እስቲ አፍሽን አሳርፊልኝ፣ ጀርባዬን ነው ያመመኝ።»

«አይሆንም እማዬ፤ ተጫወቺ!»

«ከማን ጋር ነው የምጫወተው? ሂጂ ውጪ!»

«እሺ አንድ እንቆቅልሽ ብቻ።»

ነጠላ ጫማዋን አነሣች። በመስኮቱ በኩል አፈግፍጌ ስቆም አባቴን አየሁት። ከፎልሷ በስተኋላ፣ በግራ በኩል ካለው ጎማ ጀርባ በሆዱ ገብቷል፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። እየወጣ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ የፍሪሲዮኗን ፔዳል ይረግጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተመልሶ ይገባል። ወጥቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሁለት ክንፍ ያላትን አንዲት ዳዶ ይዞ ወደ ግራ ያዞራል። ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። በመጨረሻ ፔዳሏን ሲረግጣት ያለ አንዳች ግፊት እልም ብላ ወለሉ ላይ ተኛች። አባቴ ላቡን ጠርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

እዚህ ላይ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፔዳል ሲረገጥ ሥራ ሳይጀምር ዝም ብሎ የሚወርድባት ትንሽ ርቀት አለች። መካኒኮች «ጨዋታ» ነው የሚሏት። በፎልስ አንድ ጣት ያህል ጨዋታ ይበቃል። ያቺ ባለ ክንፍ ዳዶ የፍሪሲዮኑን ካቮ፣ ማለትም ሽቦውን፣ ትወጥራለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ካቮው ይወጠራል፣ ጨዋታው ያንሳል። ወደ ግራ ስትዞር ይላላል፣ ጨዋታው ይበዛል። ከመጠን በላይ ሲበዛ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ሞተሩ እየሠራ ማርሽ አይገባም፤ መኪናዋ ጤነኛ ሆና ሳለ በሽተኛ ትመስላለች። በዚያ ሳምንት ጦሩ በየከተማው ያሉ ደህና መኪኖችን ሁሉ ለዘመቻ እየወሰደ ነበር። አባቴ መኪናውን ሳይሆን የእናቴን መንገድ ነበር የደበቀው። ምጡ ሲመጣ ዳዶዋን መልሶ ሊያጠብቃትና ሊነዳት።

ይህን እናንተ አወቃችሁ። እኔ ግን ያየሁት ሰኞ ግራና ደርሳ የመጣች ደህና መኪና፣ ማክሰኞ ነካክቶ ሲያበላሻት ነው።

ረቡዕ ጠዋት እንግዶች መጡ። አንደኛው የቀበሌው ጓድ አለሙ ነው፤ ወረቀት ማቀፊያ በብብቱ፣ ሽጉጥ በወገቡ። ጓድ አለሙ አንድ የሚወደው ቃል ነበረው፤ «አሻጥር» የምትል። ዳቦ ቤት ዳቦ ካነሰ አሻጥር ነው፤ በግ ከጠፋ አሻጥር ነው። የዚያን ጊዜ ቃሉ ለኔ ያስቀኝ ነበር። በዚያ ቃል ስንት ሰው እንደታሰረ ያወቅኩት ኋላ ነው። ሁለተኛው እንግዳ አስር አለቃ ወንድሙ ይባላል፤ ረጅም፣ ዐይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ፣ የጦሩ ሾፌር።

አስር አለቃው ፎልሷ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ገባ። ሞተሯን አስነሣ፤ ጠር ጠር ጠር አለች። ፔዳሏን ረገጠ፤ ተኛች። ማርሽ ሊያስገባ ሲል ክርርርርክ! የሚል ድምፅ ወጣ፤ ጎረቤቱ በሙሉ በአጥር ብቅ አለ።

«አሻጥር ነው!» አለ ጓድ አለሙ።

«ኧረ ጓድ፣ ምን በወጣኝ!» አለ አባቴ። «እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። የመኪና ሆድ ምን አውቄ? ትናንት ትንሽ ነካ አደረግኳት፣ እንዲህ ሆና ቀረች።»

ጋሼ ሙላቱ ተጠራ። መጥቶ ጎንበስ አለ፤ በጣቱ መታ መታ አደረጋት፤ ሬሳ እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ዲስኳ ተቃጥሏል። ሞተሯ መውረድ አለበት። ዕቃውም አዲስ አበባ መገኘቱን እንጃ» አለ። ይህ ሁሉ ውሸት ነው። አምና ሲነግረኝ «በማርያም ማል ብለውኝ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር» ብሏል። ማንም አላስማለውም።

አስር አለቃው አባቴን አየው፣ ጋሼ ሙላቱን አየው። «ዓርብ ከሰዓት ተመልሼ እመጣለሁ» አለ። «እስከዚያ ከተሠራች እወስዳታለሁ። ካልተሠራች ከዝርዝሩ እሰርዛታለሁ።»

ወላሂ፣ አሁን ሳስበው ግንባሬን እመታለሁ። ይህን ሲናገር እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሆዷን ደግፋ ይዛ ነበር፤ እሱም በመጨረሻ ያየው ወደሷ ነው። እኔ ታዲያ የሰማሁት እንዲህ ነው፦ መኪናዋ ከተሠራች ይህች ነፍሰ ጡር ሴትዮን ወልድያ ወስጄ አደርሳታለሁ፤ ካልተሠራች እናትሽን እርሺያት። ማክሰኞ መኪናዋን እናቴ አድርጌያት ነበር፤ ረቡዕም እንዲያው። ሁለት «እሷ» ያለበት ቤት ውስጥ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

እንግዶቹ ሲወጡ አባቴና ጋሼ ሙላቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚያለቅሱ መሰለኝና አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ ጋሼ ሙላቱ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ሙላቱ አንድ አመል አለው፤ ከጠየቃችሁት አያቆምም። ስለ ካርቡራቶር ብትጠይቁት እስከ መግሪብ ያስረዳችኋል።

«ጋሼ ሙላቱ፣ ጨዋታ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የምን ጨዋታ?»

«ሲበዛ ማንም የማይወስደው።»

ክው አለ። ግራ ቀኝ አየና ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ የፔዳልን ነገር ገለጠልኝ። አመድ ላይ በእንጨት ሣለልኝ፤ ሽቦው እንዲህ ይመጣል፣ ዳዶዋ እዚህ ትቀመጣለች፣ ወደ ቀኝ ስትጠብቅ እንዲህ፣ ወደ ግራ ስትላላ እንዲያ። «አንድ ጣት ይበቃታል። ክንፏ ማረፊያዋ ላይ ካልተኛች ግን በራሷ ጊዜ ትፈታለች» አለ። ስለ አባቴ ግን አንድም ቃል ሳያነሣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ሄጄ ሠራሁት እንጂ።

አዝናለሁ፣ ግን የዚያን ቀን አባቴን ናቅኩት። ይህን የሚያህል ሰውዬ ግራና ቀኙን አያውቅም! እናቴ ልትሞት ነው፣ እሱ በተሳሳተ በኩል ያዞራል።

ዓርብ ቀትር ላይ ወንዶች ሁሉ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሄዱ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዋን ይዛ ትንጎራደዳለች፤ ሲስተር የሻረግ ተጠርታ ከሷ ጋር ገብታለች። ከአባቴ ሳጥን ፒንሳ ወሰድኩና ከጎማው ጀርባ ገባሁ። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ ግራሶው ይሸታል፣ ከላይ የማንጎ ፍሬ ጣሪያዋ ላይ ቧ! ሲል ነፍሴ ልትወጣ ነው። የካቮውን ጫፍ በፒንሳ ያዝኩና ዳዶዋን ወደ ቀኝ አዞርኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። «ቢስሚላህ» ብዬ ስይዛት ዞረች። እየወጣሁ በሁለት እግሬ ፔዳሏን እረግጣለሁ፤ እገባለሁ፤ አዞራለሁ። እጄ ተላጠ። በመጨረሻ ፔዳሏ አንድ ጣት ያህል ልል ወርዳ ከዚያ ጠንከር አለችብኝ። ክንፏን ማረፊያዋ ላይ አስተኛኋት። ዛሬ የሚማሩ ልጆቼ ከዚያ አሳምረው አይሠሯትም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

አባቴ ከሰላት ሲመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ጀምሮኛል» አለችው። አባቴ ጀለቢያውን ሰብስቦ፣ ፒንሳ ፍለጋ ወደ ሳጥኑ ሲሮጥ፣ የግቢው በር ተከፈተና ጓድ አለሙና አስር አለቃ ወንድሙ ጋሼ ሙላቱን አስከትለው ገቡ። አባቴ መሐል ግቢ ላይ ቀጥ አለ። ፊቱ ግን አልተረበሸም። የተበላሸች መኪና አይተው ይሰርዙና ይሄዳሉ፤ ዐሥር ደቂቃ ነው።

እኔ ግን አጠገባቸው ደርሻለሁ።

«አስር አለቃ! ተሠርታለች! ይውሰዷት!»

አባቴ ዐመድ መሰለ። «ልጄ…» አለ። አስር አለቃው ፎልሷ ውስጥ ገባ፤ አስነሣ፤ ረገጠ፤ ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ፎልሷ ሦስት እርምጃ ያህል ወደፊት ሄደች። እኔ አጨበጨብኩ። ከኔ በቀር ያጨበጨበ የለም።

«አሻጥር!» አለ ጓድ አለሙ፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። «ዲስኳ ተቃጥሏል አላላችሁም? ሁለታችሁንም ነው የማስራችሁ! በጦርነት ሰዓት የሚቀጡትን ቅጣት ታገኛላችሁ!»

«እኔ ነኝ የሠራኋት!» አልኩ። ሁለት ጥቁር እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። «አባዬ አያውቅበትም። ዳዶዋን ወደ ግራ ነው የሚያዞራት! ማክሰኞ አይቼዋለሁ፤ እየወረደ እየረገጠ ወደ ግራ ብቻ! ወደ ግራ ሲዞር እኮ ጨዋታው ይበዛል። እኔ ወደ ቀኝ አዞርኳት።»

አባቴን ላስመሰግን ይሁን ላሰቅል አላውቅም ነበር። ጓድ አለሙ ስለ መኪና ምንም አያውቅም፤ አስር አለቃው ግን ሾፌር ነው። ፎልሷ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀስ ብሎ ዞረና አየኝ።

«ወደ ግራ ብቻ?» አለኝ።

«ወደ ግራ ብቻ!»

«አንቺስ ለምን ሠራሻት?»

«ረቡዕ ከተሠራች እወስዳታለሁ ብለው የለ? ይኸው ተሠራች። እማዬን ወልድያ ይውሰዷት፤ ልጁ በመቀመጫው ነው የመጣው።»

አስር አለቃው እኔን አየ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን አየ፣ አባቴን አየ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገ ነበር። የዚያን ቀን እንደሱ ያቀረቀረ ሰው አይቼ አላውቅም። ያፈረ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ አስር አለቃ ወንድሙ ሳቀ። መሪውን ይዞ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ጓድ አለሙ፣ ተወኝ በናትህ!» አለ። «ይህ ምኑ አሻጥረኛ ነው? ግራና ቀኙን የማያውቅ ሰውዬ ነው እንጂ! ልጁ ትሻላለች። መካኒክህም ያው ነው፤ ልጅ የሠራችውን ሞተር ይውረድ ይላል።»

አጥሩ ላይ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ጓድ አለሙም ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን መኮሳተር አቃተውና እጁን ከወገቡ አነሣ። ጋሼ ሙላቱ «እውነትም እርጅና መጥቶብኛል» አለ፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

እናቴ ሳትጠራ መጣች። ሲስተር የሻረግ ደግፋታለች። የፎልሷን በር ከፍታ «ልጄ የሠራችው ለኔ ነው፤ ቃልህን ጠብቅ» አለችው አስር አለቃውን። እሱም ወርዶ ወንበሩን አጠፈላት። አባቴ ከኋላ አጠገቧ፣ ሲስተር የሻረግ ከፊት ገቡ። ጓድ አለሙ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ በእግሩ ሄደ።

ከሲሪንቃ በላይ ወታደሮች መንገዱን ለሲቪል መኪና ዘግተውት ነበር፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት የጫነ አንድ የጭነት መኪና እንኳ ወደ ኋላ ሲመልሱ አባቴ በዐይኑ አይቷል። አስር አለቃው የጦሩን ወረቀት በመስኮት አሳይቶ አለፈ። አባቴ እንዳሰበው ብቻውን ነድቷት ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ በቀዶ ጥገና ወንድሜ ዛኪር ተወለደ። ፎልሷን ጦሩ ወሰዳት፤ ክረምቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ራሱ ወደኛ መጣና ማን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። አስር አለቃ ወንድሙን ደግመን አላየነውም። አባቴ በየሰላቱ ያነሣው ነበር።

አባቴ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው እጄን መያዝ ነው። ግራሶው አልለቅ ብሎ ጥፍሬ ሥር ቀርቷል። በላምባና በኦሞ እያሸ አንድ በአንድ አጠበልኝ። እመታለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቶቼን እያደረቀ «ለካ ወደ ቀኝ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መርሳ አባቴን «አብዱልሐሊም ግራው» አለችው። ሱቅ ሊገባ ሲል «በቀኝ በኩል ነው በሩ» ይሉታል፤ አብሮ ይስቃል። እኔን ደግሞ «መካኒኳ» አሉኝ፤ በዚያው መካኒክ ሆኜ ቀረሁ።

አምና አባቴ አረፈ። ለቅሶ ላይ ግቢው ሞልቷል፤ ዛኪር ለእንግዶች ያንኑ ታሪክ ያወራል። «አባታችን ግራና ቀኙን አያውቅም ነበር፣ አላህ ይማረው» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ሙላቱ ብቻ አልሳቀም። ምርኩዙን ይዞ ተነሣና ወደ ጥግ ጠራኝ።

«ረሂምዬ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አርባ አምስት።»

«አርባ አምስት! መካኒክ ነሽ ደግሞ፣ አስተማሪ። እስከ ዛሬ አልገባሽም?»

አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እናንተ ከኔ ቀድማችሁ ሰምታችሁታል። ሰማይ ዞረብኝ። ስንት ካቮ የወጠርኩ ሴት፣ ሰው ዳዶን ያን ያህል ዙር በስህተት ወደ ግራ እንደማያዞር እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በተማሪዎች ፊት ሳስቅበት!

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«እኔማ ልነግርሽ ነበር፤ አባትሽ ነው የከለከለኝ። ‹እናቴን አዳንኩ ብላ ደስ ብሏታል፤ እውነቷን ነው፣ አድናታለች። አባትሽን ልታስገድይው ነበር ብዬ ምን ያስነግረኛል? ከተማው ቢስቅብኝ ምን እሆናለሁ?› አለኝ።»

ወደ ሰዉ ስመለስ ዛኪር «ይኸው መጣች፣ ራሷ ትንገራችሁ» አለ። ቆምኩ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ።

«አባታችን ያውቅበት ነበር» አልኩ። «ወደ ግራ ያዞራት አውቆ ነው። ለእማዬ ብሎ ነው።»

ከውስጥ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል፣ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እሰይ የኔ ብልህ! ገና ዛሬ ገባሽ?» አለች። «እኔ እኮ ያኔውኑ ነው ያወቅኩት። ፎልሷ ውስጥ ከኋላ ሆኖ፣ ‹ልጅሽ ልታስረሽነኝ ነበር› ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። በምጥ ላይ እየሳቅኩ ነው ወልድያ የገባሁት።»